የተሸፈነ ጠረጴዛ

ናዛሬና በሩን ገፍታ ስትገባ የኩዊንቶ እጅ ከአፉ ቀደመ። «ደህና አደርሽ» ሳይል፣ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ጨርቅ ሳብ አደረገና ሞረዱንም፣ የብረት ምላሶቹንም፣ የጀመረውንም ሥራ አንድ ላይ አለበሳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያያት፤ ያውም በፈገግታ።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ። ነፋሱ ዛሬ ከባሕር በኩል ነው፣ አይደል?»

ናዛሬና ጥርሷን ነከሰች። ካስቴልሶፊዮ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተወልዳ፣ ካስቴልሶፊዮ አድጋ፣ ፀጉሯ እዚያው መሸበት ጀምሮ፣ ይህ ጨርቅ ሲዘረጋ ያላየችበት ቀን ትዝ አይላትም። በዚያች ኮረብታ ላይ ከአኮርዲዮን ሥራ የራቀ ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ አየር ሲነካው የሚርገበገበውን ቀጭን ብረት፣ ምላስ የሚሉትን፣ ይሞርዳል፤ አንዱ ሰም ያፈላል፤ አንዷ ወናፍ ታጥፋለች፤ አንዱ እንጨቱን ይገጣጥማል። በየጠረጴዛው አጠገብም ጨርቅ አለ። ሙሽራ ስታገባ ከአንሶላውና ከፎጣው ጋር የባሏን የሥራ ጠረጴዛ የሚሸፍን ጨርቅ ሰፍታ ነው የምትመጣው። ሰው ሲገባ ጨርቁ ይዘረጋል። ጎረቤት ቢሆን፣ የክርስትና አባት ቢሆን ይዘረጋል። ቄሱ ለፋሲካ ቤት ሊባርክ ሲመጣ እንኳ ጸበሉን የሚረጨው ጨርቁ ላይ ነው። በዚህ የሚቀየም የለም። ሰው የሚቀየመው ሳይዘረጋለት ሲቀር ነው፤ «ዓይቶ እንኳ የማይገባው ጅል አድርጎ ቆጠረኝ» ይላል።

«አጎቴ ኩዊንቶ፣ ስለ ነፋስ ላወራ አልመጣሁም። ወፍራሙ ድምፅ አሁንም ይዘገያል።»

«የኔ ምላስ አይዘገይም።»

«ትልቁ ሳጥን ውስጥ አይዘገይም። ትንሹ ውስጥ ይዘገያል። አንዴ ቤቴ ብቅ ብለው ይዩልኝ። ካልሆነም የምላሱን ሆድ እንዴት እንደሚያሳሱት ያሳዩኝና እኔው ልሞክር።»

«ያሳዩኝ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ የኩዊንቶ ፈገግታ ሳይጠፋ ደረቀ።

«እንግዲያው ሰሙ ነው» አለ። «ኤልቪዮን ጠይቂው።»

ናዛሬና ከአባቷ የወረሰችው የመገጣጠም ሥራ ነው። ሁለት ክረምት የለፋችበት ግን የራሷ ሐሳብ ነበር፤ የልጆች አኮርዲዮን፣ የሰባት ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የማትጎብጥበት። መቅለሉን ቀለለ። የቀኝ እጁም ድምፅ ያምራል። ጣጣው የግራው ነው። ሳጥኑ ጠባብ በመሆኑ ወፍራሙ ድምፅ ጣት ከተጫነው በኋላ እንደ ሰነፍ ተማሪ ትንሽ አስቦ ነው የሚመልሰው። ዓርብ ከጎሪትሲያ በኩል የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሊያዩት ይመጣሉ። ለልጆቻቸው ከመረጡት የአባቷ ቤት ሥራውን ይቀጥላል። ካልመረጡት ደግሞ ሰኞ የበሩን ቁልፍ ለሚላኖው ገዢ ታስረክባለች፤ ሰውየው ቤቱን ለበጋ እንግዶች መኝታ ሊያደርገው ነው።

ምላሱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀውን ሰም የሚያፈላው ኤልቪዮ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ስትገባ ድስቱን ከደነ፤ አልበቃው ብሎ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣለበት። ቤቱ ማርና የጥድ ሙጫ ይሸታል።

«ሰሜ? ሰሜ ምን አጠፋ? እሱ የምላስ ጉዳይ ነው። ኩዊንቶን ጠይቂው።»

«ከኩዊንቶ ቤት ነው የመጣሁት። እሳቸው ደሞ ወደ እርስዎ ላኩኝ።»

«ተመልሰሽ ሂጃ።»

«አጎቴ ኤልቪዮ፣ እናንተ እኮ በየማታው ዴሊያ ቡና ቤት አንድ ወገን ሆናችሁ ካርታ ትጫወታላችሁ! እዚያው አንዴ ብታነሱት ምናለ?»

ኤልቪዮ ማንኪያውን አስቀመጠ። የምሩን ደንግጦ ነበር።

«በካርታ መሃል? ስለ ሥራ? ምን ነካሽ ናዛሬና? ሰው ምን ይለኛል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አልተለያዩም። አንዱ የሌላውን የኩላሊት ጠጠር፣ ከአማቱ ጋር የተጣላበትን ምክንያት፣ በወጣትነቱ የሠራውን ቅሌት ሁሉ ያውቃል። ኩዊንቶ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ሾርባ ያመላለሰለት ኤልቪዮ ነው። ሰሙ ውስጥ ሙጫው ምን ያህል እንደሚገባ ግን ኩዊንቶ አያውቅም። ምላሱ የት ጋ እንደሚሳሳ ኤልቪዮ አያውቅም። ናዛሬና መንገዱ ላይ ቆማ አንዴ ወደ አንዱ በር፣ አንዴ ወደ ሌላው አየች። የምትፈልገው ነገር ግማሹ እዚህ ነው፤ ግማሹ ሁለት ቤት አልፎ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ዶክተር ታንክሬዲ የሚባል፣ ከሲታ፣ ላብ ላብ የሚለው ሰው ከአንኮና ጥናት ይዞ መጥቶ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሥዕል የመሰለ ነገር አበራ።

«አካባቢዎችን አወዳድረን ነበር» አለ። «ባለሙያ እጅ ያለው የት ነው ብለን ጠየቅን። እናንተ ከላይ ናችሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«ከዚያ ደግሞ በቅርብ ዓመታት አዲስ ነገር ያወጣው ማን ነው ብለን ጠየቅን። እናንተ...» ሰውየው ውሃ ጠጣ። «እናንተ ከታች ናችሁ።»

ጭብጨባው እዚያው ሞተ።

«ብዙ ቦታ ሙያ ስለሌለ ነው አዲስ ነገር የሚጠፋው» ሲል ቀጠለ። «እናንተ ጋ ሙያው ሞልቶ ሳለ ነው የጠፋው። እኔ እንደሚመስለኝ የአንዱ እውቀት ከሌላው ጋር አይገናኝም።»

«አንኮና ውስጥስ ምን ይመረታል? ወረቀት!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«የኔ አባት አኮርዲዮን ቦነስ አይረስ ድረስ ሄዷል!»

«አባትህ ከሞተ ስንት ዘመኑ!» አለው ጎረቤቱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ዶክተር ታንክሬዲ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ቢዋሽ ኖሮ ማንም አይቆጣውም ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ነገር የሚደርሰው ሰው ላይ ነውና፣ ናዛሬና ጥሙ የጠናባት እሷ ስለነበረች መቀመጥ አልቻለችም።

«ሰውየው ልክ ነው!» አለች ብድግ ብላ። «ምን ያስቃችኋል? እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው ስንከራተት ነው የዋልኩት። ምላሱ ነው፣ ሰሙ ነው፣ ሂጂ፣ ተመለሺ! አባቶቻችን የደበቁትን እንደብቃለን፤ እኛ ራሳችን የደበቅነው ነገር ግን ምን አለን? ምንም! ባዶ ጠረጴዛ ነው የምንሸፍነው! ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ጨርቅ የለም። በሬ ክፍት ነው። ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ!»

ቡና ቤቱን የያዘችው ዴሊያ ከፊት ወንበር ዞር አለች። «ምን የሚታይ አለሽና ነው እህቴ?»

ሳቁ እስከ በሩ ሸኛት።

ናዛሬና ቃሏን ጠበቀች። ማክሰኞ ጠዋት ከጠረጴዛው ጎን ካለው ምስማር ላይ ጨርቁን አወረደች። እናቷ የሰፋችው ነው፤ ዙሪያው በቀይ ክር የተጠለፈ። መሳቢያው ውስጥ እንዳታደርገው ዘይት ይነካዋል። ለጊዜው ብላ ወንበሯ ጀርባ ላይ ጣል አደረገችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

የመጣ የለም። ሰዎች በበሩ ሲያልፉ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጉና ወዲያው ሰማይ ሰማይ እያዩ ይፈጥናሉ። ጎረቤቷ አሮጊት መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ የቀሚስ ዚፕ መከፈቱ እንደሚነገረው፣ «ናዛሬና፣ ክፍት ነው እኮ» አለቻት። ረቡዕም እንዲሁ ዋለ። ናዛሬና ብቻዋን ምላሱን ታወጣለች፣ ታስገባለች፣ ትጫናለች፤ ወፍራሙ ድምፅ አስቦ ይመልሳል። ሞረዱን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ቆየት ብላ ሄዳ አነሳችው፤ ሌላ ሞረድ የላትም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ከተማው ምሳ በልቶ ጋደም ሲል፣ አንድ ነገር ሆነ። ከወናፍ ሥራ የተረፈች ስስ የቆዳ ቁራጭ ነበረች። ናዛሬና በንዴት ጭምር ቀደደቻትና ምላሱ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አፍ ላይ ለጠፈቻት። ተጫነች። ድምፁ ዘገየ፤ ግን ያነሰ ዘገየ። እንደገና ተጫነች። እውነት ነው፣ ያነሰ ነው። ዳነ ለማለት ገና ሩቅ ነበር። ሆኖም ኮረብታው ላይ ካለ ሰው ሁሉ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ኖሯት አያውቅም።

በዚያው ቅጽበት ደፉ ላይ ጫማ ተንኳኳ፤ ኩዊንቶና ኤልቪዮ ገቡ።

የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ነበር። ሰው እንዳያያቸው የእንቅልፉን ሰዓት ጠብቀው፣ አንዱ ሌላውን አባብሎ፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጥተዋል። በካስቴልሶፊዮ ሁለት ባለሙያ አብሮ የሦስተኛውን ጠረጴዛ ሊያይ ሲሄድ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ኩዊንቶ እጁ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ ሞረድ ይዟል። ኤልቪዮ ኪሱ አብጧል፤ ማርና ሙጫ ይሸታል።

ናዛሬና ይህን ሁሉ ያየችው ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

የዘረጋችው እሷ ናት። እጇ ብቻውን ሄዶ ከወንበሩ ጀርባ ስቦ፣ ቆዳዋንም፣ ምላሱንም፣ ትንሿንም አኮርዲዮን አልብሷቸዋል። ቀዩ ጠርዝ ገና ይወዛወዛል። አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሚደበቅ ነገር ስላልነበራት ነበር ጨርቁን የረሳችው።

ኩዊንቶ ጨርቁን አየ። ኤልቪዮም አየ። ከዚያ ተያዩ።

«የእናትሽ እጅ ነው አይደል?» አለ ኩዊንቶ።

«ጥሩ ስፌት ነው» አለ ኤልቪዮ። «ዛሬ እንዲህ የሚሰፋ የለም።»

«አይ፣ አይ! ቆዩ!» ናዛሬና ጨርቁን ገፍፋ መሬት ላይ ጣለችው። «እጄ ነው! ሳላስበው ነው፣ በእግዚአብሔር! ኑ፣ እዩት! ይኸው እኮ!»

«ተይ ልጄ» አለ ኩዊንቶ፤ መሐረቡን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «ማየት ያለብንን አይተናል።»

አልተቆጡም። ያ ነው ያቃጠላት። ፊታቸው ላይ ያለው ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው እፎይታ ነበር። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አነሱላት። መንገዱን ሲሻገሩ ኤልቪዮ «ነፋሱ ከባሕር በኩል ነው» ሲል ሰማችው። ማታውን ሁሉም ሰምቷል፤ በቡና ቤቱ የተሳቀው ሳቅ መስኮቷ ድረስ ደረሰ።

ዓርብ መምህራኑ መጡ፤ አንዲት ጠና ያለች ሴትና አንድ ወጣት። ሴትዮዋ አኮርዲዮኗን በአንድ እጇ አነሳችና ሳቀች። «ስትቀል ዳቦ እኮ ናት! አየህ፣ ዳቦ!» ከዚያ አንገቷ ላይ አጥልቃ አንድ የልጆች ዘፈን ጀመረች። ቀኙ ሮጠ። ግራው ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ሴትዮዋ ቀስ አለች፤ ግራው አሁንም ዘገየ። አንድ ጊዜ ደግማ ሞከረች፤ ከዚያ ወናፉን በጥንቃቄ ዘጋችው።

«እኔ ብሆን እለምደዋለሁ» አለች። «ልጅ ግን ይህን ሲሰማ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እጄ ሰነፍ ነው ብሎ ይተወዋል።»

ናዛሬና አኮርዲዮኗን ተቀበለቻት። ሴትዮዋ ልክ ናት።

«ትንሽ ጊዜ ብትሰጡኝ...»

«ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ነው። ዛሬ መወሰን አለብን፤ ሌላ ፋብሪካ ደግሞ በመንገዳችን አለ። የእነሱ አኮርዲዮን ይከብዳል» አለች ሴትዮዋ ከልቧ አዝና። «ግን በጊዜው ይናገራል።»

ከሰዓት በኋላ ደውላ ሌላው ጋ መፈረማቸውን ነገረቻት፤ ስለ መስተንግዶዋም አመሰገነቻት።

ናዛሬና ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ሲመሽ ጠብቃ አኮርዲዮኗን ታቅፋ ወደ ዴሊያ ቡና ቤት ሄደች። ኩዊንቶና ኤልቪዮ እንደ ወትሯቸው ከሌሎች ሁለት ጋር ካርታ ይዘዋል። ሰላም ሳትል አኮርዲዮኗን ካርታው መሃል አስቀመጠችው። የአኒስ አረቄው ብርጭቆ ተንገዳገደ።

«እኛ እያሸነፍን ነበር!» አለ ኤልቪዮ።

ናዛሬና የግራውን ጎን ፈታች፤ ምላሶቹ፣ ሰሙ፣ ለጥፋ የተወቻት ቆዳ ሁሉ መብራቱ ላይ ተገለጡ። «እዩ» አለች። «ሄደዋል። ሌላ ጋ ፈርመዋል። አሁን ለኔም፣ ለማንም አይጠቅምም። አሁን እዩ እንግዲህ!»

ካርታው ከየእጁ ወረደ። ሽማግሌዎቹ አኮርዲዮኗን አዩ፤ ጎንበስ አሉ። ለማንም ከማይጠቅም ነገር የሚሰረቅ የለምና፣ የሁለቱም ምላስ ተፈታ።

«ይቺን ቆዳ ማን አደረጋት?» አለ ኩዊንቶ።

«እኔ።»

«አትከፋም» አለ፤ ሳያስበው።

«ሰሜ ግን እዚህ ጋ በዝቷል» አለ ኤልቪዮ ጥፍሩን ሰድዶ። «ለትልቁ ሳጥን ነው እንዲህ የሚሆነው። ጉሮሮውን አንቆታል። ኩዊንቶ፣ ያንተ ምላስ እዚህ ጋ ሆዱ ወፍራም ነው ወይስ ስስ?»

«ወፍራም ነው። ሰምህ ይይዘዋል ብዬ ነዋ!»

«እኔ ደሞ ምላስህ ስስ ነው ብዬ እኮ ነው የማበዛው!»

ተፋጠጡ። ካርታ አብረው ሲጫወቱ ስንት ዘመናቸው! ኤልቪዮ የዴሊያን የቡና ማንኪያ እሳት ላይ አግሎ ሰሙን ገፈፈው። ኩዊንቶ ከመሐረቡ ሞረዷን አውጥቶ አንድ ሁለቴ ዳበሰው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት፣ እጁን ሳይደብቅ። ናዛሬና ያንን ጎን መልሳ ገጠመችና ተጫነች። ወፍራሙ ድምፅ ጣቷ እንደነካው መጣ፤ ሙሉ፣ ሞቅ ያለ። ደገመችው። በጊዜው መጣ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ዴሊያ ዓይኗን ጠረገች። ኤልቪዮና ኩዊንቶ እንደ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተመታቱ። ናዛሬና ግን ሁለቱንም አንገታቸውን ይዛ ማጋጨት ነበር ያማራት። የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ዙር ካርታ አያጫውትም። ሁለት ክረምት ሙሉ በሁለት ጨርቅ ሥር የተኛው ይህ ነበር። ሦስተኛው ጨርቅ ደግሞ የእሷው ነበር፤ ይህን ለማን ትጮኸዋለች?

በሩ ተከፈተ። ከማዶው ኮረብታ ወይን ጠጅ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ሳጥኑን ተሸክሞ ገባ። የአኮርዲዮን ግራና ቀኙን የማያውቅ፣ የመጠጥ ሰው። ኤልቪዮ ግን ከአጠገቡ ካለው የእራት ጠረጴዛ ላይ ባለአራት ማዕዘን ሥዕሉን የጠረጴዛ ልብስ ሳበ፤ ኩዊንቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ፤ አኮርዲዮኗ ተሸፈነች። ናዛሬና ቁልቁል ስታይ ሦስተኛው ጫፍ በእሷ እጅ ውስጥ ነበር።

ጨርቁን ባላት ኃይል ሁሉ ጎተተችው። ካርታው ተበተነ፣ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ፣ አረቄው የኩዊንቶን ሱሪ አራሰው።

«ይታይ!» ብላ ጮኸች። «በቃ ይታይ! ምን ቀረን?»

ወይን አከፋፋዩ ሳጥኑን እንደተሸከመ ቀረ። ዴሊያ መጥረጊያ አመጣች። ኤልቪዮ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ለቀመ፤ ቀና ሳይል፣ የተቀየመን ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አለሰለሰ።

«ሰኞ ጠዋት እንመጣለን ልጄ። እኔና ኩዊንቶ። የቀሩትንም ድምፆች ሁሉ እንሠራልሻለን። ብቻ አንቺ በሩን ዘግተሽ ጠብቂን።»

«ሰኞ» አለች ናዛሬና፣ «በሩ የኔ አይደለም።»